ትራንስፎርመሩ ተተከለ፤ መሬቱስ ተለካ?

ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ኤሌክትሪክ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ሥራ ይበዛበታል። ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ ጎተራ ይገባል፤ ወፍጮ ቤቶች ከንጋት እስከ ምሽት ይሠራሉ፤ መስኖ ያላቸው ቀበሌዎች ፓምፕ ያስነሳሉ፤ ብየዳ ቤቶች ማረሻና ጋሪ ይጠግናሉ። በዚሁ ሰሞን በየደረጃው የሚቀርበው የሥራ ሪፖርት «ይህን ያህል ትራንስፎርመር ተተከለ፣ ይህን ያህል ወፍጮ ቤት የባለ ሦስት ፌዝ ኃይል ተጠቃሚ ሆነ» ይላል። ቁጥሩ የሚያስደስት ነው። በሪፖርቱ ውስጥ እምብዛም ተጽፎ የማይገኝ ሌላ ቁጥር ግን አለ፤ የትራንስፎርመሩና የወፍጮው የመሬት መስመር ስንት ኦም እንደሆነ የሚናገረው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ማንኛውም የእርሻ ምርት ማቀነባበሪያ፣ ወፍጮ ቤት ወይም የመስኖ ፓምፕ የመሬት መስመሩ ሳይለካና የሞተሩ ሽፋን ሳይፈተሽ ኃይል ሊገናኝለት አይገባም። ልኬቱም በወረቀት ሠፍሮ በወረዳው ሊቀመጥ ይገባል። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ወፍጮ ቤት ውስጥ እህል የሚያፈሰው ወጣት፣ ተራዋን የምትጠብቀው እናት፣ ከምሰሶው ሥር የሚያርሰው ገበሬና የሚጠምዳቸው በሬዎች ሕይወት በዚህ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የመሬት መስመር ሥራው ምንድን ነው?

ባለሙያዎች ግራውንድ ወይም ኧርዝ የሚሉት የመሬት መስመር ከትራንስፎርመሩ፣ ከመብረቅ መከላከያውና ከማሽኑ አካል ተነስቶ በዘንግ አማካይነት አፈር ውስጥ የሚቀበር ሽቦ ነው። ከላይ ሲታይ ሥራ ፈት ይመስላል። መብራቱ ያለ እሱም ይበራል፤ ወፍጮውም ያለ እሱ ይፈጫል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መኖሩም አለመኖሩም በሰላሙ ጊዜ አይታወቅም፤ የሚታወቀው አደጋ በደረሰ ቀን ነው።

በአገራችን የገጠር ትራንስፎርመሮች በአብዛኛው በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት የሚመጣውን ኃይል ተቀብለው በመስመርና በመስመር መካከል ወደ 380 እና 400 ቮልት፣ በአንድ መስመርና በኒውትራል መካከል ደግሞ ወደ 220 እና 230 ቮልት ዝቅ ያደርጋሉ። በትራንስፎርመሩ ሆድ ውስጥ ከፍተኛውን ኃይል ከዝቅተኛው የሚለዩት በዘይት የራሰ ወረቀትና ዘይቱ ራሱ ናቸው። ይህ ሽፋን አርጅቶ ወይም እርጥበት ገብቶበት ሲበሳ ያ ሁሉ ኪሎ ቮልት ወደ ወፍጮ ቤቱና ወደ መኖሪያ ቤቱ ሽቦ ይሻገራል። በዚያች ቅጽበት ኃይሉ በሰው ቤት ፋንታ ወደ አፈር እንዲወርድና በከፍተኛው መስመር በኩል ያለው ፊውዝ እንዲቆርጠው የሚያስችለው የትራንስፎርመሩ የመሬት መስመር ነው።

የመብረቅ መከላከያውም እንዲሁ ነው። በክረምት ወራት በስሜን ተራሮች ዙሪያ ነጎድጓድ የማያውቅ ሰው የለም። መብረቅ መስመሩን ሲመታ መከላከያው በር ከፍቶ ኃይሉን ወደ ምድር ይለቃል። ወደ ምድር የሚወስደው ሽቦ ተቆርጦ ከሆነ ግን መከላከያው በሩን የከፈተው ወደ ግድግዳ ነው። ኃይሉ በትራንስፎርመሩ ጥቅል ውስጥ ያልፋል፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ ቀበሌውም ምትክ እስኪመጣ በጨለማ ይቀመጣል፤ ገበሬውም እህሉን በአህያ ጭኖ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ኒውትራል ማለት ከትራንስፎርመሩ የሚመጣውና ኃይሉን የሚመልሰው ሽቦ ነው። የመሬት መስመር ደግሞ ወደ አፈር የሚወርደው ነው። ኒውትራሉ መንገድ ላይ ሲበጠስና የመሬት መስመሩም ደካማ ሲሆን በሦስቱ ፌዞች መካከል ያለው ሚዛን ይፋለሳል። በአንዱ ቤት መብራቱ እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል፤ በጎረቤቱ ቤት ደግሞ ቮልቱ ከ220 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ቴሌቪዥን፣ ስልክ ቻርጅ ላይ እያለ፣ የእንስሳት ክትባት የሚቀመጥበት የቀበሌው ማቀዝቀዣም በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። ኅብረተሰቡ «ኃይል በዝቶ መጣ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህንን ነው።

ዘንግ መቅበር ብቻውን አይበቃም

አንዳንድ ባለ ወፍጮዎች «እኛማ ብረት ቀብረናል» ይላሉ። መልካም ነው፤ ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለምሳሌ የትራንስፎርመሩ የመሬት መስመር 10 ኦም፣ የወፍጮ ቤቱ የተቀበረ ብረት ደግሞ 50 ኦም ነው እንበል። የሞተሩ (የዲናሞው) ሽፋን ተበልቶ ሽቦው የሞተሩን ብረት ቢነካ በ230 ቮልት የሚፈሰው ኤሌክትሪክ 230 ለ60 ሲካፈል ወደ 3.8 አምፔር ብቻ ይሆናል። የወፍጮ ቤቱ ፊውዝ 63 አምፔር ከሆነ ይህንን ፈጽሞ አያየውም። ፊውዙ አይበጠስም፤ ሞተሩም መዞሩን ይቀጥላል። የሞተሩ አካል፣ የወፍጮው ብረትና የሚነካው ሁሉ ግን ወደ 190 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል። በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ያንን ብረት የነካ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ኤሌክትሪክ ለአፍታ በሰውነት ውስጥ ቢያልፍ የልብን ምት ሊያፋልስ ይችላል።

ሁለቱም ወገን በጥሩ ሁኔታ ተሠርተው 5 እና 5 ኦም ቢሆኑ እንኳ የሚፈሰው 23 አምፔር ነው። ፊውዙ አሁንም አይቆርጥም፤ የሞተሩ አካልም 115 ቮልት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መኖር አለባቸው። አንደኛው ትክክለኛ የመሬት መስመር ነው። ሁለተኛው አርሲዲ የሚባለው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን አሽትቶ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ነው። ለሶኬትና በእጅ ለሚያዙ መሣሪያዎች 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጠው፣ ለትልልቅ ሞተሮች ደግሞ 100 ወይም 300 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጠው በሥራ ላይ ይውላል። በላይኛው ምሳሌ 50 ኦም የሆነው ደካማ መሬት እንኳ 100 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ አርሲዲ ቢኖረው የሞተሩ አካል ከ5 ቮልት እምብዛም ሳያልፍ ኃይሉ ይቋረጣል። አርሲዲው ያለ መሬት መስመር፣ የመሬት መስመሩም ያለ አርሲዲ ግማሽ ጥበቃ ነው። ወፍጮ ለማቋቋም የሚወጣውን ገንዘብ ላሰበ ሰው የአንድ አርሲዲ ዋጋ ከወጪው ትንሹ ነው።

መሬታችን አንድ ዓይነት አይደለም

የመሬት መስመር ጥራት በዘንጉ ብቻ ሳይሆን በአፈሩም ይወሰናል። አርሶ አደሩ ይህንን ከማንም በላይ ያውቃል። በደምቢያ ሜዳ ያለው መረሬ አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ዘንጉን አጥብቆ ይይዛል፤ ኤሌክትሪክም በቀላሉ ያስተላልፋል። በበጋ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከዘንጉም ይለያያል። በደባርቅ፣ በዳባትና በጃን አሞራ ከፍታዎች ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። በብዙ ቦታ አፈሩ ስስ ነው፤ ጥቂት ከተቆፈረ ጥቁር ድንጋይ ይገኛል። ድንጋይ ኤሌክትሪክን አያስተላልፍም። ስለዚህ ለሜዳው የተዘጋጀ አንድ ዘንግ ለገደሉ አፋፍ አይሠራም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለወረዳ ኃላፊዎች ዋነኛው ይመስለኛል፤ የሚለካበት ወር ልኬቱን ይወስናል። በነሐሴ በራሰ መሬት የተለካ ዘንግ መልካም ቁጥር ይሰጣል። ያው ዘንግ በመጋቢት ሲለካ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ከፍ ሊል ይችላል። ወፍጮ ቤቶቻችን ደግሞ የሚጨናነቁት በነሐሴ ሳይሆን በበጋው ነው። የመስኖ ፓምፕ የሚነሳውም በበጋ ነው። የመሬት መስመሩ በጣም በሚደክምበት ጊዜ ሞተሩ በጣም ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ የሚታመነው ልኬት የየካቲት ወይም የመጋቢት ልኬት ነው። በብዙ አገሮች ለሥርጭት ትራንስፎርመር የሚጠየቀው ከ10 ኦም ያልበለጠ፣ አንዳንድ ጊዜም ከ5 ኦም ያልበለጠ ነው። ይህ የሚደረስበት ከሆነ በደረቁ ወር ይደረስበት።

ድንጋያማ ቦታ ላይ ምን ይደረግ? መፍትሔ አለው። አንድ ዘንግ ወደ ታች ካልገባ ብዙ ዘንጎችን አፈር ባለበት ቦታ አራርቆ መቅበርና ማገናኘት ይቻላል። በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ርዝመት ያህል፣ ከተቻለ ሁለት እጥፉን መሆን አለበት፤ ተጠጋግተው ከተቀበሩ አንዱ የሌላውን ሥራ ይሻማል። ወይም ደግሞ የእርሻ ማረሻ በማይደርስበት ጥልቀት ቦይ ቆፍሮ ረጅም የብረት ጥብጣብ በአግድም መቅበር ይቻላል። ቤንቶናይት የሚባለው ውኃ የሚይዝ የሸክላ ዱቄትም ዘንጉን ቢከበው ልኬቱን ያሻሽላል። በየቦታው የሚደረገው ጨው መጨመር ግን ጊዜያዊ ማታለያ ነው። ጨው ለአንድ ሰሞን ልኬቱን ያሳምራል፤ ክረምቱ ጠርጎት ይሄዳል፤ እስከዚያው ግን ብረቱን ያዝገዋል።

ከፍታችንም የራሱ ጥያቄ አለው

የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ትራንስፎርመርና ሞተር ሲሠሩ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ አስበው ነው። ጎንደር ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን አግዶ የመያዝ አቅሙ ያነሰ ነው። በደረጃው መሠረት ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር በኃይል ተሸካሚ ክፍሎች መካከል ያለው የአየር ርቀት በ1 ከመቶ ያህል መጨመር አለበት። ለጎንደር ከተማ ይህ ወደ 11 ከመቶ፣ ለደባርቅ ደግሞ ወደ 18 ከመቶ ይሆናል።

በሌላ አነጋገር ቆላ ላይ የሚበቃ ስኒ ደጋ ላይ ላይበቃ ይችላል። አቧራ የተጫነበትና ጉም ያረጠበው ስኒ ደግሞ ይብስበታል። ጭስ፣ ብልጭታና የተቃጠለ ሽታ በማለዳ ጉም ሰዓት ከምሰሶ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

ስለ ሙቀቱም እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። የሳሳ አየር ትራንስፎርመርን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ የደባርቅ ብርድ ግን ይህንን በአብዛኛው ያካክሰዋል። ለአየሩ መሳሳት ግን ብርዱ ካሳ አይከፍልም። ስለዚህ ለደጋ ወረዳዎች ትራንስፎርመርና ስኒ ሲገዛ በጨረታ ሰነዱ ላይ «የሚተከልበት ከፍታ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ወጪው ቀለም ብቻ ነው። ሳይጨመር ቢቀር ግን አምራቹ 1,000 ሜትር ብሎ ቢልክ የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

ትንሽ ትራንስፎርመር፣ ትልቅ ወፍጮ

ሌላው የሽፋን ጠላት ከአቅም በላይ መጫን ነው። አንድ 50 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በእያንዳንዱ ፌዝ ሊሰጥ የሚችለው 72 አምፔር ገደማ ነው። አንድ 22 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ወደ 30 የፈረስ ጉልበት ያለው የወፍጮ ሞተር ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን ወደ 42 አምፔር ይወስዳል። አንዱ ወፍጮ ብቻውን ከትራንስፎርመሩ አቅም ከግማሽ በላይ ወሰደ ማለት ነው። በቀጥታ ሲነሳ ደግሞ ከ5 እስከ 8 እጥፍ ስለሚስብ ለጥቂት ሰከንዶች ከ200 አምፔር በላይ ይጠይቃል። የጎረቤት መብራት ጭልጭል የሚለው በዚያች ቅጽበት ነው። ስታር ዴልታ የሚባለው ማስነሻ ይህንን ጉተታ ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ሆኖም በሁለተኛው ዓመት ጎረቤት ቀበሌ ሌላ ወፍጮ ሲከፍት፣ በሦስተኛው ዓመት የብየዳ ማሽን ሲጨመር፣ ትራንስፎርመሩ ግን ያው 50 ሲሆን ምን ይሆናል?

የሞተር ጥቅል ሽፋን ከተፈቀደለት ሙቀት በየ10 ዲግሪው ሲያልፍ ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል የሚለው የዘርፉ የታወቀ መመዘኛ ነው። 20 ዓመት ያገለግላል የተባለው ሞተር 20 ዲግሪ ዘወትር ከበለጠበት በ5 ዓመት ይሞታል። የዱቄት ብናኝ የሞተሩን የአየር ማስገቢያ ሲደፍነው፣ የቺንጊያው ውጥረት ሲበዛ፣ ቮልቱ ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጠፋ ደግሞ ሞተሩ እያጓራ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። በዚህ ሁሉ ላይ የተቃጠለ ፊውዝን በወፍራም የመዳብ ሽቦ መተካት አለ። ይህ ዘበኛውን አስሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

የሞተርን ሽፋን ለመፈተሽ ሜገር የሚባል መሣሪያ አለ። ሞተሩ ከኃይል ተለያይቶ በ500 ቮልት ይለካል። ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ሽቦ ዝርጋታ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ይጠየቃል፤ ለሞተር ደግሞ ከ5 ሜጋ ኦም ባያንስ ይመከራል። ክረምቱን ሳይሠራ የቆመ የፓምፕ ሞተር ጥቅምት ላይ ሳይለካ ቢነሳ በእርጥበቱ ምክንያት ሊቃጠል ይችላል። ለክቶ፣ ዝቅ ካለም አድርቆ ማስነሳት የአንድ ቀን ሥራ ነው። የተቃጠለውን ማስጠቅለል ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ በመስኖ ላይ ያለ ሽንኩርት ደግሞ ሳምንታት አይጠብቅም።

ተቃውሞዎቹ

ይህን ስናነሳ ሦስት መልሶች ይሰጣሉ። የመጀመሪያው «ያለ እሱም ለዓመታት ሠርተናል» የሚለው ነው። ከላይ እንደተባለው የመሬት መስመር አለመኖሩ በሰላሙ ጊዜ አይታወቅም። ለዓመታት ያለ አደጋ መሥራት የሽፋኑ ጥንካሬ ማስረጃ ይሆናል እንጂ የመሬት መስመሩ አይደለም። ሽፋኑ ደግሞ ያረጃል።

ሁለተኛው «ብንተክለውም ይሰረቃል» የሚለው ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። የመዳብ ሽቦም የትራንስፎርመር ዘይትም የሌባ ዓይን የሚያርፍባቸው ናቸው። የኤሌክትሪክ መረብን ማበላሸትና መስረቅ በአዋጅ ቁጥር 464/1997 በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ከቅጣቱ ጎን ለጎን ግን ሌባውን የማያጓጓ ዕቃ መጠቀም ይቻላል። መዳብ በስሱ የተለበጠበት የብረት ዘንግና ሽቦ በሌሎች አገሮች የተለመደ ነው፤ ሥራውን ይሠራል፤ ለቁርጥራጭ ሻጭ ግን ዋጋ የለውም። የሚወርደውን ሽቦ እስከ ሰው ቁመት በላይ በቧንቧ መሸፈንም ይረዳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የቀበሌው ነዋሪ ያቺ ሽቦ ለምን እንደምታገለግል ማወቅ አለበት። ያልታወቀ ነገር አይጠበቅም።

ሦስተኛው «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚለው ነው። በመርህ ደረጃ እስከ ቆጣሪው ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ከቆጣሪው በኋላ ያለው ደግሞ የደንበኛው ኃላፊነት ነው። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ተከላ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ባለው ባለሙያ መሠራት አለበት። ሕጉ አለ። የጎደለው በሁለቱ መካከል ቆሞ «ተለክቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ ኮሚቴ ማቋቋም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

ለወረዳ አመራሮች የምንጠይቀው አዲስ መሥሪያ ቤት እንዲከፈት አይደለም። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ለወፍጮ ቤት ፈቃድ ሲሰጥም ሲያድስም ብቃት ያለው ባለሙያ የፈረመበትን የአንድ ገጽ የልኬት ወረቀት ይጠይቅ። በወረቀቱ ላይ የሚሠፍሩት አራት ነገሮች ናቸው፤ የመሬት መስመሩ በስንት ኦም እንደተለካና በየትኛው ወር እንደሆነ፣ የሞተሩ ሽፋን በሜጋ ኦም፣ አርሲዲው ሲፈተሽ መቁረጡ፣ እንዲሁም የፊውዙ መጠን። የውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤትም ለመስኖ ፓምፖች እንዲሁ ያድርግ።

የመሬት መለኪያ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ቀበሌ መግዛት አያስፈልግም። አንድ መሣሪያ ለአንድ ወረዳ ይበቃል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሙያ የሚማሩ ወጣቶች በመጋቢት ወር በአሠልጣኞቻቸው መሪነት ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ወጥተው ወፍጮ ቤቶችን ቢለኩ ለእነሱ ትምህርት፣ ለወረዳው መረጃ ይሆናል። በትራንስፎርመሩ በኩል ያለውን ግን የሚነካው አገልግሎቱ ብቻ ነው። ወረዳው የሚችለው የዘይት መፍሰስ፣ የተሰበረ ስኒ፣ የተቆረጠ የመሬት ሽቦ ሲያይ በጽሑፍ ማሳወቅና መልሱን መከታተል ነው። በትራንስፎርመሩ መተንፈሻ ላይ ያለው ሲሊካ ጄል ሰማያዊ የነበረው ወደ ሮዝ ከተቀየረ እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነውና ከሩቅ ታይቶ ሊነገር የሚችል ምልክት ነው።

ለባለ ወፍጮዎች፦ ሞተሩን በየሳምንቱ ከብናኝ አጽዱት። የመሬት ሽቦውን መገጣጠሚያ በየወሩ እዩት፤ ዝገት ካለው ይጠረግ፣ ከላላ ይጥበቅ። የሚያንዘርዝር ብረት «ትንሽ ይይዛል» ተብሎ አይታለፍ፤ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ኃይሉን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

ለአርሶ አደሮች፦ ከብት በትራንስፎርመር ምሰሶ ወይም በምሰሶ መወጠሪያ ሽቦ ላይ አትሰሩ። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲወርድ በአካባቢው አፈር ላይ ይሠራጫል፤ የበሬ የፊትና የኋላ እግሮች የተራራቁ ስለሆኑና ኤሌክትሪኩም በልቡ በኩል ስለሚያልፍ ሰው በሚተርፍበት ቦታ በሬ ይሞታል። ምሰሶው ሥር ያለውን መሬት ስታርሱ የተቀበረውን ሽቦ እንዳትቆርጡ ጥቂት ክንድ ተዉለት። ሽቦ ወድቆ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ ቀርባችሁ ከሆነ እግራችሁን ከመሬት ሳታነሱ እየተንሸራተታችሁ ውጡ። ልጆችንና ከብትን አርቃችሁ ወደ አገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል 905 ደውሉ።

የጎንደር ብቅል ፋብሪካ የብቅል ገብስ ይፈልጋል፤ ደጋው ገብስ ያመርታል። በደምቢያ የመገጭ ሰራባ መስኖ ከጣና ውኃ የሚስበው በፓምፕ ነው። እርሻችን ወደ ማሽን እየሄደ ነው፤ ይህ መልካም ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያ ኃይል በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ የገበሬውን ገብስ ሊፈጭ ሲደርስ ደኅንነቱን የሚወስኑት ከምሰሶው ወደ አፈር የሚወርዱት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ናቸው። እነሱን ለመለካት ግድብ አያስፈልግም፤ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ባለሙያና የአንድ ሰዓት ሥራ ይበቃል።

መጋቢት ደረቅ ወር ነው፤ ለመለካትም የተሻለው ጊዜ ነው። በሚቀጥለው የወረዳ ሪፖርት «ተተከለ» ከሚለው ዓምድ ጎን «ተለካ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ባዶ የሆነበት ቦታ ሁሉ የማን ሥራ እንደቀረ በግልጽ ያሳየናል።